አዳራሹን ያጣ ፌስቲቫል፦ አንሲ በ2020

ቦንሊዩ በሚባለው ቴአትር ቤት ውስጥ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ያለችው ሩብ ሰዓት የራሷ ሥርዓት አላት። ተመልካቹ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየዓመቱ የሚጎርፉት የአኒሜሽን ተማሪዎች፣ እጃቸው የገባውን ወረቀት ሁሉ እያጠፉ አውሮፕላን ይሠሩና ወደ መድረኩ ይወረውራሉ። አብዛኛው መንገድ ላይ አፍንጫውን ይደፋና ከፊት የተቀመጠ ሰው አናት ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ዞሮ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። አንዱ ቀንቶት መድረኩ ጋ ከደረሰ ግን አዳራሹ በጭብጨባና በጩኸት ይናጋል። የማይተዋወቁ ሰዎች ፊልሙ ሳይጀመር ወዳጅ የሆኑ ያህል አብረው ይስቃሉ። ከጀመረ በኋላም ዝም አይባልም፤ ጥንቸል ብቅ ካለች ከአንዱ ጥግ «ላፓን!» የሚል ድምፅ ይነሳል፤ ሌላው ጥግ ይቀበላል። ላፓን በፈረንሳይኛ ጥንቸል ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም ፍለጋ የሚደክም የለም።

ከተማዋ አንሲ ትባላለች። በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከአልፕስ ተራሮች ሥር፣ ከጄኔቭ ብዙም ሳትርቅ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት። ከ1960 ጀምሮ የዓለም አኒሜሽን ሰሪዎች የሚገናኙት እዚያ ነው። በ2019 ባጅ የሚባለውን የመግቢያ ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የገቡት እንግዶች ከ12 ሺህ በላይ ነበሩ። 2020 ፌስቲቫሉ ከተወለደ ስድሳ ዓመት የሚሞላበት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት፣ ቦንሊዩ ውስጥ አንድም የወረቀት አውሮፕላን አልበረረም።

ያም ሆኖ ፌስቲቫሉ አልተሰረዘም። ውድድሩ ተካሂዷል፤ ዳኞች ፈርደዋል፤ ሽልማት ተሰጥቷል፤ የፊልም ገበያውም ቆሟል። የጎደለው አዳራሹ ብቻ ነው። ለጥናት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ቶሎ አይገኝም፤ ከአንድ ሙሉ ነገር ላይ አንዷን ክፍል ነጥሎ አውጥቶ «እስኪ ያለሷ እንየው» እንደማለት ነው። እኔም የማየው ይህንኑ ነው፤ አዳራሹ ሲነሳ ምን ተረፈ፣ ምንስ አብሮት ሄደ። ዓመትና ወሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በኛው እቆጥራለሁ።

ከካን የወጡት

አዳራሹ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ወደ 1956 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ካን ውስጥ፣ ከትልቁ የፊልም ፌስቲቫል ጎን ለጎን፣ ለአኒሜሽን ብቻ የተለዩ ቀናት ተዘጋጁ። በ1958ም ተደገመ። አኒሜሽን ያኔ በሲኒማ ቤት ዋናው ፊልም እስኪጀምር ጊዜ መሙያ፣ አለዚያም የልጆች ማባበያ ተደርጎ ይታይ ነበርና ለሙያተኞቹ ነገሩ ብርቅ ነበር። ይሁንና ካን የኮከቦችና የፎቶ አንሺዎች ከተማ ነው። በዚያ ግርግር መሀል ሦስት ደቂቃ የምታህል የአሻንጉሊት ፊልም ይዞ የመጣን ሰው ማን ዞር ብሎ ያየዋል? በ1960 ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አንሲ ወጡ።

በዚያው ዓመት አሲፋ የተባለው የአኒሜሽን ሰሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ ውስጥ የሠራው ኖርማን ማክላረን ነበር። ጊዜውን ልብ ይሏል፤ የበርሊን ግንብ የተገነባው በማግሥቱ ዓመት ነው። የፕራግ፣ የዛግሬብና የሞስኮ ሰሪዎች ከሞንትሪያልና ከፓሪስ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚስቁበት ቦታ መኖሩ በራሱ ቁም ነገር ነበር። አንዱ የሌላውን ፊልም የሚያይበት ሌላ መንገድ እምብዛም አልነበረውም።

ሥራው ደግሞ የብቸኛ ሰው ሥራ ነው። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ይበላል። ብዙዎች አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያነሱ ሰከንዱን በ12 ሥዕል ይወጡታል፤ እንዲያም ሆኖ የአሥር ደቂቃ ፊልም 7,200 ሥዕል ይሆናል። በቀን 20 የሚጨርስ ሰው አንድም ቀን ሳያርፍ ቢቀመጥ 360 ቀን ይወስድበታል፤ ያውም ድምፁን፣ ቀለሙንና ያበላሸውን ሳንቆጥር። ታዲያ ይህ ሰው ቀልዱ ያስቅ እንደሆነ፣ ዝምታው ይከብድ እንደሆነ የሚያውቀው መቼ ነው? 3,000ኛውን ሥዕል ሲስል አይደለም። እሱ ቀልዱ የወጣለት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አሁን ለራሱም አያስቀውም። የሚያውቀው ሺህ የሚጠጋ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ከኋላ ቆሞ፣ ያች ቦታ እስክትደርስ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ነው። ከሳቁ ሳቅ ነበረች፤ ካልሳቁ አልነበረችም።

ፌስቲቫሉ ለረጅም ዘመን በየሁለት ዓመቱ ነበር የሚካሄደው። በ1985 ለሙሉ ርዝመት ፊልሞች ውድድር ተከፈተ፤ ሚፋ የሚባለው የአኒሜሽን ገበያም ያኔ ተጀመረ። ከ1998 ወዲህ በየዓመቱ ሆነ። ገበያው ካደገ በኋላ አንሲ ሁለት መልክ ይዟል፤ በአንድ በኩል አውሮፕላን የሚወረውሩ ተማሪዎች፣ በሌላው በኩል ሸሚዛቸውን ተኩሰው የመጡ ፕሮዲዩሰሮችና የቴሌቪዥን ገዢዎች። ሁለቱ አንድ ሐይቅ ዳር ይውላሉ። ማታ ሲሆን ፓኪዬ በሚባለው የሐይቅ ዳር መስክ ላይ ትልቅ ስክሪን ይተከልና የከተማው ሰው ብርድ ልብሱን ይዞ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ባጅ አይጠየቅም።

ከማርች እስከ ጁን

ፈረንሳይ ማርች 17 ቀን 2020 ሙሉ በሙሉ ቤቷን ዘጋች። ፌስቲቫሉ ከጁን 15 እስከ 20 ሊካሄድ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ሦስት መንገድ ብቻ ነበር የቀረው፤ መሰረዝ፣ ማራዘም፣ ወይም ወደ ኢንተርኔት መውሰድ።

ማራዘም ከሩቅ ሲታይ ቀላሉ ይመስላል። አይደለም። የፌስቲቫሎች ቀን መቁጠሪያ እንደ መስኖ ተራ ነው፤ ሴፕቴምበር የካናዳው የኦታዋ አኒሜሽን ፌስቲቫል ነው፣ ሌላውም ወር ባለቤት አለው። ፊልሞቹም ቢሆኑ ከአንሲ ተነስተው ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱበት ሰንሰለት አላቸው፤ ክሪስታል የሚባለውን የአንሲ ትልቁን ሽልማት ያገኘ አጭር ፊልም ለኦስካር የመወዳደር በር ይከፈትለታልና የአንዱ መዘግየት የሌላውን ዕድል ይበላል። ተማሪዎቹ ደግሞ በአውሮፓ በጋ መግቢያ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉት ጁን ላይ ነው። ኖቬምበር ላይ የፓኪዬ መስክ ላይ ሣር ላይ ተቀምጦ ፊልም የሚያይ ሰው አይገኝም።

ካን በዚያ ዓመት የመረጠው መካከለኛ መንገድ ነበር፤ ፌስቲቫሉን ሳያካሂድ የተመረጡትን 56 ፊልሞች ስም ይፋ አድርጎ «የካን ምርጫ» የሚል ማኅተም ሰጣቸው፤ ገበያውን ብቻ ኦንላይን አካሄደ። ለሙሉ ርዝመት ፊልሞች ውድድር አልነበረም፣ የካን ትልቁ ሽልማት የሆነው የወርቅ ዘንባባም አልተሰጣቸውም። የአንሲ ሰዎች ግን፣ የጥበብ ዳይሬክተሩ ማርሴል ዣንና ፌስቲቫሉን የሚያስተዳድረው ተቋም ኃላፊ ሚካኤል ማራን፣ አፕሪል ውስጥ የወሰኑት ሌላ ነበር። አዳራሹን ዝጋ፣ የቀረውን ሁሉ አካሂድ። ከውሳኔ እስከ መክፈቻ ሁለት ወር ገደማ ነበር የነበራቸው። እኔ እንደማየው ከካን ይልቅ የአንሲው ደፋር ነበር፤ ካን ክብሩን ጠብቆ ቆየ፣ አንሲ ግን ሥራውን ሠራ። አጭር ፊልም ሰሪ ማኅተም ብቻ ቢሰጡት ምን ያደርግበታል? እሱን የሚያይ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ስድስቱ ቀን አሥራ ስድስት ሆነ፤ ከጁን 15 እስከ 30። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ነው፤ እኔ ግን የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። አዳራሽ ሰዓት ያዛል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ 3 ሰዓት ነው፤ ከዘገየህ በሩ ይዘጋል። ቤቱ ሆኖ የሚያይ ሰው ግን ልጅ ይይዛል፣ ሥራ አለው፣ ያለው በሌላ አህጉር ነው፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል። ስለዚህ ጊዜውን ማስፋት ለተመልካቹ ማሰብ ነበር፤ ትክክልም ነበር። ዋጋው ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ አለማየቱ ነው። አንዱ ማክሰኞ ያየውን ሌላው በሳምንቱ ቅዳሜ ያያል፤ «ትናንት ያየሁት ምን ነበር መሰለህ» የሚል ሰው መንገድ ላይ አያገኝህም። በሚፋ አካባቢ ወረፋ ላይ ቆመው «አራተኛውን ፕሮግራም እንዳያመልጥህ» የሚባባሉት ሰዎች ናቸው አንድን የማይታወቅ ፊልም በሦስት ቀን ውስጥ የከተማው መነጋገሪያ የሚያደርጉት። ያ ወሬ እንደ እሳት ነው፤ የሚያያዘው እንጨቶቹ ሲቀራረቡ ነው።

የማን ፊልም፣ በየት አገር

ተመልካች ሆኖ ለሚያስብ ሰው ኦንላይን ማሳየት ፋይል ጭኖ አዝራር መጫን ይመስለዋል። ለአጭር ፊልሞች ነገሩ ከሞላ ጎደል እንደዚያ ነው። አጭር ፊልም ብዙ ገንዘብ አያመጣም፤ ሰሪው የሚፈልገው መታየት ነው፤ ስለዚህ በይለፍ ቃል በተዘጋ ቦታ ለባለ ባጅ ብቻ መከፈቱን ይቀበላል።

ሙሉ ርዝመት ፊልም ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ተሠርቶ ሳያልቅ ይሸጣል፤ ያውም አገር በአገር። የጀርመኑ አከፋፋይ የጀርመንን መብት፣ የጃፓኑ የጃፓንን አስቀድመው ገዝተውታል፤ ያ ገንዘብ ነው ፊልሙን ያሠራው። ፌስቲቫል ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ማንም ቅር አይለውም፤ አንድ አዳራሽ አንድ ከተማ ነው፤ ሰውየው ወጥቶ ቢያወራለትም ለአከፋፋዩ ማስታወቂያ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ግን አዳራሹ ግድግዳ የለውም። ጃፓን ውስጥ ያለ ባለ ባጅ ካየው የጃፓኑ ገዢ «የገዛሁትን ለሌላ ሰጣችሁብኝ» ይላል። መፍትሔ ተብለው የሚቀርቡት የታወቁ ናቸው፤ በአገር መገደብ፣ የተመልካቹን ቁጥር መወሰን፣ የእያንዳንዱን ተመልካች ምልክት ምስሉ ላይ ማተም። ሁሉም ባለመብት ግን በዚህ አይረጋጋም። በ2020 ከተመረጡት ሙሉ ርዝመት ፊልሞች መካከል አንዳንዶቹ ለተመልካች የደረሱት በቅንጭብ ብቻ ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ለውድድር የቀረበ ፊልም፣ ዳኞች ያዩት፣ ሊሸለም የሚችል፣ ታዳሚው ግን ቁራጩን ብቻ ያየው። ድግስ ተጠርቶ ሽታውን ብቻ እንደማሽተት ነው። ባለመብቶቹን ግን አልኮንንም። በተለይ የዚያን ዓመት ሙሉ ርዝመት ክሪስታል ያገኘውን ፊልም ዕጣ ሳይ አልኮንንም።

ያ ፊልም የፈረንሳዊው ሬሚ ሻዬ «ካላሚቲ» ነው፤ ማርታ ጄን ካናሪ የምትባለዋን፣ በኋላ «ካላሚቲ ጄን» ተብላ የታወቀችውን ሴት ልጅነት ይተርካል፤ በሠረገላ ጉዞ ወደ አሜሪካ ምዕራብ ይወስደናል። ሻዬ ሥዕሉን በጥቁር መስመር አይከብም፤ ፊትም ተራራም ሰማይም የሚለየው በቀለም ንጣፍ ብቻ ነው። ሰፊ ሜዳና ሰፊ ሰማይ ያለበት፣ ለትልቅ ስክሪን የተሣለ ሥራ ነው። በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች የተከፈተው ኦክቶበር 14 ቀን 2020 ነበር። ኦክቶበር 30 ላይ ሁለተኛው የቤት ውስጥ እገዳ መጣና ሲኒማ ቤቶች እንደገና ተዘጉ። አሥራ ስድስት ቀን። ልክ የኦንላይኑን ፌስቲቫል ያህል።

ሰም በላፕቶፕ

የአጭር ፊልሙን ክሪስታል የወሰደው ቡልጋሪያ ተወልዶ ሞንትሪያል የሚኖረው ቴዎዶር ኡሼቭ ነው። «የሐዘን ፊዚክስ» የተባለው ፊልሙ 27 ደቂቃ ነው፤ መነሻው የቡልጋሪያዊው ደራሲ የጊዮርጊ ጎስፖዲኖቭ ልብ ወለድ ነው። የተሠራበት ብልሃት ግን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነው። ቀለም የተቀላቀለበት ሰም ይቀልጣል፤ ሙቅ እያለ በብሩሽ ይቀባል፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ለሚቀጥለው ምስል እንደገና ይሞቃል፣ ይፋቃል፣ ይቀባል። በጥንት ግብፅ ፋዩም ውስጥ የሟቾችን መልክ በእንጨት ላይ ያኖሩበት ጥበብ ነው፤ ዓይኖቻቸው ዛሬም ያዩናል። ያንን ለማይንቀሳቀስ ፊት የተፈጠረ ጥበብ ኡሼቭ እንዲንቀሳቀስ አደረገው። ምስሉ ሁልጊዜ የሚርገበገብ፣ ሊፈስ የደረሰ ይመስላል፤ የሚተርከው ከአገሩ ርቆ ትዝታውን የሚሰበስብ ሰው ነውና ይዘቱና ቅርጹ አይጣሉም።

እንዲህ ያለ ፊልም ትልቅ ስክሪን ላይ ሲወድቅ የሰሙ ውፍረት፣ ብሩሹ የሄደበት ፈለግ፣ የደረቀው ጠርዝ ይታያል። በ13 ኢንች ላፕቶፕ ግን፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ኢንተርኔቱ ሲደክምና ምስሉን ሲጨምቀው፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ነው። ምስል የሚጨምቅ ቴክኖሎጂ የሚያተርፈው ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ ባለመላክ ነው። እያንዳንዱ ምስል ከዳር እስከ ዳር አዲስ የተቀባ ከሆነ ግን የማይለወጥ ነገር የለም፤ ማሽኑ የሚቆጥበው ያጣል፣ ከዚያ ዝርዝሩን መቁረጥ ይጀምራል። ጠፍጣፋ ቀለም ያለው «ካላሚቲ» በትንሽ ስክሪን የሚያጣው ስፋቱን ነው፤ የኡሼቭ ፊልም የሚያጣው ቆዳውን ነው።

ድምፁስ? እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

የገበያው ሰዓት

ገበያው ከሁሉም የተሻለ የተረፈ ክፍል ነው፤ ይህ የሚገርም አይደለም። ገዢና ሻጭ ቀጠሮ ይዘው ሠላሳ ደቂቃ መነጋገር በቪዲዮም ይሆናል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። አንሲ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ስብሰባውን ወደ አመሻሹ፣ ወደ 11 ሰዓት ብትገፋው ሎስ አንጀለስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቡናዋን ይዛ ትቀርባለች፤ ቶኪዮ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ናት። ሦስቱን በወግ የሚያስማማ ሰዓት የለም። ሐይቅ ዳር ሲገናኙ ሁሉም እኩል እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ ፍትሑ እዚያ ላይ ነበር።

ያልተረፈው ያልተቀጠረው ግንኙነት ነው። የሥራዎቹን ስብስብ በብብቱ ሸጉጦ የመጣ ተማሪ ከአንድ ትልቅ ስቱዲዮ ቀጣሪ ጋር ቡና ሲቀዱ ትከሻ ለትከሻ ይገጣጠማል። እንዲህ ያለ ነገር በቀን መቁጠሪያ ላይ ቦታ አይያዝለትም። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ደግሞ ማንም ተሳስቶ አይገባም፤ ሊንኩ ያለው ብቻ ነው የሚገባው። ስሙ የሚታወቅ ሰው ቀጠሮ ያገኛል፤ የማይታወቀው ኢሜይል ልኮ ይጠብቃል።

ወደ ኢንተርኔት ያልሄደው

ለእኔ ከሁሉ የሚናገረው ግን ፌስቲቫሉ ኦንላይን ያወጣው ሳይሆን ሆን ብሎ ያስቀረው ነው። በ2020 አንሲ ለአፍሪካ አኒሜሽን ልዩ ትኩረት ሊሰጥ አቅዶ ነበር። ውድድሩን በሁለት ወር ወደ ኢንተርኔት ያሻገሩ ሰዎች ይህንን ግን አላሻገሩትም፤ ለ2021 አቆዩት። ፊልም ኦንላይን ሊታይ ይችላል፤ አንድን አህጉር እንግዳ አድርጎ መቀበል ግን አዳራሽ ይፈልጋል እንደማለት ነው።

ጉዳዩ ቀድሞም ሸክም ነበረበት። አንሲ ላይ ስለ አፍሪካ ከታዩት ፊልሞች ሁሉ ስሙ የገነነው በ1999 የሙሉ ርዝመት ፊልሞችን ዋና ሽልማት ያገኘው «ኪሪኩ» ነው፤ ዳይሬክተሩ ሚሼል ኦስሎ ልጅነቱን በጊኒ ያሳለፈ ፈረንሳዊ ነው። ውብ ፊልም ነው፤ ድምፁ ዳካር ላይ የተቀዳ፣ ሙዚቃው የዩሱ ንዱር። ቢሆንም አፍሪካ በራሷ እጅ የሣለችው ምን አለ የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም የቆየ ነው። የፍሬንከል ወንድማማቾች ካይሮ ላይ ሚሽ ሚሽ ኤፈንዲ የተባለውን የካርቱን ገጸ ባሕርይ ያንቀሳቀሱት በ1936 ነው። የኒጀሩ ሙስታፋ አላሳን በ1966 እንቁራሪቶች የሚተዳደሩበትን ሪፐብሊክ ሠራ፤ ፕሬዚዳንቱ እንቁራሪት ለጉብኝት ወደ ጎረቤት አገር ይሄዳል፣ ሲመለስ ሥልጣኑ የለም። ያንን ፊልም ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ፈገግ ይላል። ከዳካር፣ ከናይሮቢና ከካይሮ የመጡ ሰዎች ባሉበት አዳራሽ ቢታይ የሚነሳው ሳቅ ግን ሌላ ነው፤ አንዱ የሚስቅበትን ሰው ሌላው ያውቀዋልና።

2021 ደረሰ። ፌስቲቫሉ ከጁን 14 እስከ 19 በአዳራሽም በኢንተርኔትም ጎን ለጎን ተካሄደ። የፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ከተከፈቱ ገና አንድ ወር አልሞላቸውም ነበር። መቶ ወንበር ባለበት ሰው ሊቀመጥ የሚፈቀደው በ65ቱ ላይ ነበር፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ የሰዓት እላፊ ነበር። አልፕስ ሥር ጁን ላይ ሰማዩ በደንብ የሚጨልመው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ለጨለማ የተፈቀደው ጊዜ ይህን ያህል ነበር።

ለአፍሪካ የተቆየው አዳራሽ እንግዲህ ተከፈተ፤ መንገዱ ግን በግማሽ ዝግ ነበር። ፈረንሳይ ከጁን 9 ጀምሮ አገሮችን በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማና በቀይ ከፍላ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ቀይ ውስጥ ነበረች፤ አብዛኛው የአህጉሩ ክፍል ብርቱካናማ። ከብርቱካናማ አገር የሚመጣ ያልተከተበ ሰው አስገዳጅ ምክንያት ማቅረብ ነበረበት፤ ክትባት ደግሞ በዚያ ወር አፍሪካ ውስጥ ለጥቂቶች ብቻ የደረሰ ነገር ነበር። አንድ ዓመት የተጠበቀው ክብር የመጣው ተከባሪዎቹ ለመድረስ እጅግ በተቸገሩበት ሰሞን ነው። አዘጋጆቹ በዚህ የሚወቀሱ አይመስለኝም፤ የድንበሩን ቀለም የቀባው ፌስቲቫሉ አይደለም። ኦንላይን ቢያደርጉት ኖሮ ግን በ2020 የበለጠ ሰው ያየው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አዎ፣ ያየው ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ የተቀበለው ሰው ግን አይኖርም ነበር። የትኛው እንደሚሻል እኔ መወሰን አልቻልኩም።

በዚያ ዓመት የሙሉ ርዝመት ክሪስታሉን የወሰደው ዮናስ ፖኸር ራስሙሰን የሠራው የዴንማርክ ፊልም ነው፤ «ሽሽት» ልንለው እንችላለን። ከአፍጋኒስታን ተሰዶ፣ በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር እየተሻገረ ዴንማርክ የደረሰ ሰው ለጓደኛው የሚያወራው እውነተኛ ታሪክ ነው። አኒሜሽን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የሰውየው ፊት እንዳይታይ ነው።

ጁን 2022 ላይ ቦንሊዩ በሙሉ ወንበሩ ተከፈተ። በፈረንሳይ ሲኒማ ቤት ውስጥ ጭምብል የማድረግ ግዴታ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ተነስቶ ስለነበር ሰው ሲጮኽ ከነአፉ ይታያል፤ ወረቀቱም እንደገና መታጠፍ ጀመረ። በ2020 ወደ ፈረንሳይ የሚያስገባ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ሳያስፈልገው፣ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የአጭር ፊልሞቹን ውድድር ከዳር እስከ ዳር ያየ የሩቅ አገር ተማሪም ሌላ ነገር መጀመር ነበረበት፤ የባንክ ሒሳብ መግለጫውን፣ የግብዣ ደብዳቤውንና የሆቴል ማረጋገጫውን አያይዞ ኤምባሲ በር ላይ መሰለፍ።